አሉሚኒየም ላሜራ ከብረት ፍሬም ላይ ለምን ይላቀቃል? ሌዘርስ ያድነዋል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የብረታ ብረት ሥራ ያለው አንድ ወንድም እንዲህ ብሎ ጠይቋል፦ «ለባለሦስት እግር ተሽከርካሪ የወተት ማመላለሻ ዝግ ሳጥን እሠራለሁ። የብረት ፍሬሙ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ላሜራ በሁለት ክፍል ኤፖክሲ እለጥፋለሁ። ሲደርቅ በእጅ አይነቃነቅም። ክረምቱ አልፎ ኅዳር ሲገባ ግን ከዳር ጀምሮ ይላቀቃል። ማጣበቂያው ብረቱ ላይ ይቀራል፣ አሉሚኒየሙ ባዶ ሆኖ ነው የሚነሳው። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌዋለሁ፣ በቲነርም ጠርጌዋለሁ። የስም ሰሌዳ የምቀርጽበት 30 ዋት ፋይበር ሌዘር አለኝ። በሱ ላዩን ባሻክረው ይይዝልኛል?»

ወንድሜ፣ ቀጥታ ልመልስልህ። አዎ፣ ይይዛል። በደንብ የተሠራ የሌዘር ገጽ ከብርጭቆ ወረቀት ይሻላል፣ በተለይ አሉሚኒየም ላይ፣ በተለይ ደግሞ እርጥበት ባለበት። ግን ሳጥንህን ያላቀቀው የሸካራነት ማነስ አይመስለኝም። ሌዘሩን ነገ አስነስተህ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ብትተወው በሚቀጥለው ኅዳር ያው ችግር ይጠብቅሃል። ስለዚህ ትንሽ ታገሰኝና ከሥሩ እንነሳ።

ከጻፍከው ውስጥ ለኔ ትልቁ መረጃ «አሉሚኒየሙ ባዶ ሆኖ ነው የሚነሳው» ያልከው ነው። የተጣበቀ ነገር ሲለቅ በሁለት መንገድ ይለቃል። አንዱ ማጣበቂያው ራሱ መሃሉ ላይ ሲቀደድ ነው። ያኔ ሁለቱም ወገን ላይ ቅሪት ይታያል። ይሄ ጤነኛ አለቃቀቅ ነው፤ ማጣበቂያው የቻለውን ያህል ተሸክሞ ነው የተሸነፈው። ሌላው ደግሞ ከአንዱ ገጽ ላይ ሙልጭ ብሎ ሲነሳ ነው። ያኔ የማጣበቂያው ጥንካሬ ከነጭራሹ ሥራ ላይ አልዋለም። ጣሳው ላይ 20 ሜጋ ፓስካል ይጻፍበት 30፣ ያንተ መገጣጠሚያ እዚያ ሳይደርስ ነው የለቀቀው። ስለዚህ ውድ ማጣበቂያ መግዛትም አያድንህም። ችግሩ ያለው አሉሚኒየሙ ቆዳ ላይ ነው።

አሉሚኒየም አየር ላይ ራቁቱን አይቀመጥም። ፈትገህ ብትገልጠው ወዲያው ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ ጥቂት ናኖ ሜትር ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። ማጣበቂያህ የሚይዘው ይህንን ሽፋን ነው። ሽፋኑ ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ኤፖክሲ በደንብ ይጨብጠዋል። ውሃ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ውሃ ከኤፖክሲው ይልቅ ለኦክሳይዱ ይቀርባል፤ በጠርዝ በኩል ቀስ ብሎ ይገባል፣ ማጣበቂያውን ከያዘበት ይገፋዋል፣ ኦክሳይዱንም ውሃ አዘል ወደሆነ ደካማ ውህድ ይቀይረዋል። በበጋ በእጅ የማይነቃነቀው ላሜራ ከክረምት በኋላ በጥፍር የሚነሳው ለዚህ ነው። የወተት ሳጥን ደግሞ ክረምትን አይጠብቅም፤ በየቀኑ ይታጠባል።

ይሄ የትንሽ ወርክሾፕ ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1988 የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሃዋይ ላይ 24,000 ጫማ ከፍታ ላይ እየበረረ ሳለ የጣሪያው 5 ሜትር ተኩል ያህል ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ። አውሮፕላኑ ግን ማረፍ ቻለ፣ የቀሩትም ተረፉ። የመጀመሪያዎቹ 737ዎች የአካል ላሜራ የተደራረበበት ቦታ የተጣበቀው በክፍል ሙቀት በሚደርቅ ኤፖክሲ ነበር። ኤፖክሲው ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጥ ስለነበር ሲወጣ ጤዛ ሊይዝ ይችል ነበር፤ የገጹ ዝግጅትም ሁልጊዜ እኩል አልነበረም። ማጣበቂያው አንዳንድ ቦታ ሲለቅ ውሃ ገባ፣ ዝገት ተከተለ፣ ማጣበቂያው ይሸከመው የነበረው ጭነት ወደ ሪቬቶቹ ዞረ፣ በሪቬት ቀዳዳዎቹ ዙሪያም ስንጥቅ ተደረደረ። ፋብሪካው ራሱ ያንን የማጣበቅ ዘዴ በ1972 ትቶት ነበር፤ ቀድመው የወጡት አውሮፕላኖች ግን እየበረሩ ነበር። ይህን የማነሳልህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። ቅዝቃዜ፣ ጤዛና ያልተስተካከለ የገጽ ዝግጅት ተደምረው ምን እንደሚያደርጉ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ስለማላውቅ ነው። ሦስቱም ደግሞ እናንተ ጋ አሉ።

ከቅዝቃዜው ልጀምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ኤፖክሲው ጣሳ ላይ «በ24 ሰዓት ይደርቃል» ሲል 23 ወይም 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ማለቱ ነው። በደፈናው ሙቀቱ 10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር የመድረቂያው ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ብዙዎቹ ተራ ኤፖክሲዎች ከ10 ዲግሪ በታች ጨርሶ የሚገባቸውን ያህል አይበስሉም። ሲነኩት ጠንክሯል፣ ግን ውስጡ ግማሽ ጥሬ ነው። ግማሽ ጥሬ ኤፖክሲ ደግሞ ውሃ በብዛት ይጠጣል። ማታ ለጥፈህ ወርክሾፑን ቆልፈህ ከሄድክ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ነው ያደረው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የተለጠፈውን በሸራ ወይም በብርድ ልብስ ከበህ ውስጡ አምፖል ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አድርግ፤ ጨርቁ ግን ማሞቂያውን እንዳይነካ ተጠንቀቅ። ብረቱ ራሱ 40 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ ትክክለኛው ሰዓት የማጣበቂያው መረጃ ወረቀት ላይ አለ። የአየሩን ሳይሆን የብረቱን ሙቀት ለካ። ከሰል ግን እንዳታስገባ። በዝግ ቦታ ሰው ይገድላል፣ ይህ ከሁሉ ይቀድማል። የላምባ ምድጃም ሲነድ የውሃ እንፋሎትና ቅባታም ጢስ ይለቃል፣ እሱ ደግሞ ገና ያልተለጠፈው ገጽ ላይ ያርፋል።

ጤዛው ተንኮለኛ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። የወርክሾፑ አየር 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን ጤዛ የሚፈጠረው 12 ዲግሪ ላይ ነው። ውጭ ወይም መጋዘን ያደረ ላሜራ ጠዋት 5 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ወደ ሞቀው ክፍል ስታስገባው ወዲያው ስስ ውሃ ይለብሳል። ጠርገህ ብትለጥፍ እንኳ ሳትጨርስ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ላሜራውን ካስገባህ በኋላ ከክፍሉ ጋር እኩል እስኪሞቅ ጠብቀው። ብረቱ ከጤዛው ነጥብ ቢያንስ 3 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት። በተቻለ መጠን የመለጠፍ ሥራውን ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ አድርገው፣ ጠዋቱን ለመቁረጥና ለብየዳ ተወው።

አሁን ወደ ጽዳቱ። «ፈትጌ በቲነር ጠርጌዋለሁ» ብለሃል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ዘይት ያለበትን ላሜራ መጀመሪያ ስትፈትግ ዘይቱን ጭረቱ ውስጥ ነው የምታሸው። መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ መፈተግ፣ ከዚያ እንደገና ማጽዳት። ቲነርን ደግሞ ለዚህ ሥራ አላምነውም። በጅምላ የሚሸጠው ቲነር ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ ተንኖ ሲያልቅ ቅባት ሊተው ይችላል። ንጹሕ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ አድርገህ ሲደርቅ በብርሃን አንጻር አየው፤ ክብ ምልክት ከተወ ለቀለም ሥራህ አድርገው። አሴቶን ወይም አይሶፕሮፓኖል ይሻላል። ቤንዚን በጭራሽ። የእጅ ሳኒታይዘርም አይሆንም፣ ግሊሰሪን አለበት። ሁለት ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያዝ፦ በአንዱ እያራስክ ጥረግ፣ ሳይተን ወዲያው በደረቁ አንሳው። ከተነነ ቆሻሻው እዚያው ተመልሶ ይተኛል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረግ፣ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ ቀይር። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም። አንድ የጣት አሻራ ይበቃል።

ሌላ ሰው ሳይነግርህ እንዳያልፍ፦ በዚያው ክፍል ውስጥ ሲሊኮን ስፕሬይ፣ የጎማ ማብሪያ ወይም የሲሊኮን ማሸጊያ የምትጠቀሙ ከሆነ እነሱን ከዚያ አውጣ። ሲሊኮን በአየር ይጓዛል፣ ገጹ ላይ ያርፋል፣ በአልኮል አይለቅም።

መጽዳቱን የምታረጋግጠው በውሃ ነው። ከዚያው ላሜራ ቁራጭ ወስደህ እኩል አዘጋጀውና ንጹሕ ውሃ አፍስስበት፣ የተጣራ ቢሆን ይመረጣል። ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ስስ ሽፋን ግማሽ ደቂቃ ያህል ከቆየ ጸድቷል። ወደ ጠብታ ከተሰበሰበ ቅባት አለ፣ ተመለስ። ይህን ምርመራ ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ምክንያቱም ነጻ ነው። እኔ ግን ከየትኛውም መሣሪያ በፊት እሱን አምናለሁ።

አሁን ወደ ሌዘሩ እንምጣ። ፋይበር ሌዘርህ 1,064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የማይታይ ብርሃን ነው፣ የሚሠራውም በምት በምት ነው። 30 ዋት በ30 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 30,000 ምት ስታስኬደው እያንዳንዱ ምት 1 ሚሊ ጁል ይይዛል። ትንሽ ይመስላል። ግን ያ ጉልበት ወደ 100 ናኖ ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ፣ 50 ማይክሮን ስፋት ባለው ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚያች ቅጽበት ኃይሉ 10,000 ዋት ይደርሳል። አሉሚኒየም ይህን ብርሃን 90 በመቶና ከዚያም በላይ መልሶ ያንጸባርቃል፣ ሆኖም የቀረው ጥቂቱ ላዩን አቅልጦ ከፊሉን ለማትነን ይበቃል። ዘይቱ፣ አሮጌው ኦክሳይድ፣ ከፋብሪካ የመጣው ቅባት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። በምትኩ አዲስ፣ ከበፊቱ ወፍራም የሆነ ኦክሳይድ ይበቅላል፤ በላዩም ጥቃቅን ጎድጓዶችና ጉብታዎች ይቀራሉ። የሌዘሩ ጥቅም እዚህ ነው። ሰው ሸካራነቱን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ግን ከሸካራነቱ በላይ ቅባቱን ጠርጎ በአንድ ጊዜ አዲስ ኦክሳይድ መተካቱን ነው የምወድለት፤ ዛሬም ነገም፣ አንተም ብትሠራው ረዳትህም ቢሠራው እኩል ይወጣል። የብርጭቆ ወረቀት ግን እንደያዘው ሰው እጅ ነው።

መነሻ የሚሆንህን ልስጥህ። 30 ኪሎ ኸርዝ፣ ሙሉ ኃይል፣ ፍጥነት በሰከንድ 1,000 ሚሊ ሜትር፣ የመስመር ርቀት 0.05 ሚሊ ሜትር። በዚህ ፍጥነት ምት ከምት 33 ማይክሮን ይራራቃል፣ ነጥቡ 50 ስለሆነ ተደራርበው ይሄዳሉ። አንዴ በአግድም፣ አንዴ በቁም አስኪደው። ከዚያ ኃይሉን ወደ 35 በመቶ አውርደህ ፍጥነቱን እጥፍ አድርገህ አንድ ቀላል ዙር ድገምለት። ይህ የመጨረሻው ዙር የተረጨውን ልል ብናኝ ያነሳል። አትዝለለው። የሌዘር ገጽ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች ውጤት የሚያጡበት ዋናው ምክንያት ጥቁሩ ብናኝ ነው። አቧራማ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው፤ ማጣበቂያው ብናኙን ይይዛል፣ ብናኙ ግን አሉሚኒየሙን አልያዘም። ሲጨርስ ገጹ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ይሁን። በነጭ ጨርቅና በአይሶፕሮፓኖል ስትጠርገው ጥቁር ካመጣ ገና ነው። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ ማሽንና ሌንስ ይለያያል፣ ቁራጭ ላይ አስተካክላቸው።

ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ማጣበቂያው ጥርስ ያበቅልበታል ብለህ አታስብ። ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ይበቃል። ጠባብና ጥልቅ ቦይ ውስጥ ወፍራም ኤፖክሲ አይገባም፤ አየሩ ሥሩ ላይ ታስሮ ይቀራል፣ ያ አየር ደግሞ ነገ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በተለይ እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ፣ ሙሌት ያለበት ኤፖክሲ ከሆነ መጀመሪያ ስስ አድርገህ በጠንካራ ብሩሽ ወይም በስፓቱላ ገጹ ላይ እሸው፣ ከዚያ የቀረውን ጨምር። ብረቱን 35 ዲግሪ ያህል አሙቀህ ብታደርገው ኤፖክሲው ቀጥኖ በደንብ ይሰርጋል። ለደብረ ብርሃን ይሄ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ሌዘር የተደረገ ገጽ ሰዓት እየቆጠረ ነው። ገና ሲወጣ ውሃ ሲነካው ውሃው እስከ ዳር ይዘረጋል። አየር ላይ ለቀናትና ለሳምንታት ሲቀመጥ ግን በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ውህድ እየተለጠፈበት ይሄድና ውሃን የሚገፋ ገጽ ይሆናል፤ ጠብታው ኳስ ሆኖ ይንከባለላል። ያንን ገጽ ኤፖክሲም አይወደውም። ስለዚህ አርብ ሌዘር አድርጎ ሰኞ መለጠፍ የለም። በዚያው ቀን፣ ቢቻል በሰዓት ውስጥ። መብራት ሄዶ ሥራው መሃል ላይ ከቆመና እስከ ነገ ካደረ የቀረውን ብቻ ሳይሆን የተሠራውንም ቀላሉን ዙር ድገምለት፣ ጥረገው፣ ከዚያ ለጥፍ።

እስካሁን ስለ ሌዘሩ መልካም መልካሙን ነገርኩህ። አሁን ሒሳቡን ተመልከት። በሰከንድ 1,000 ሚሊ ሜትር በ0.05 ማለት በሰከንድ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የ1 ሜትር ጠርዝ አንዱ ዙር 8 ደቂቃ ከምናምን ይወስዳል። ሦስቱ ዙር ሲደመር ወደ 21 ደቂቃ፣ ያውም ማሽኑ ሲመላለስ የሚያባክነውን ሳልጨምር። አንድ ሳጥን 20 ሜትር መለጠፊያ ቢኖረው 7 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ የተለመደው ሌንስ የሚሸፍነው 11 በ11 ሴንቲ ሜትር ቦታ ነው፤ የ2 ሜትር ላሜራ እያንቀሳቀስክ፣ እያገጣጠምክ ልትሠራ ነው። ነጥቡ ከትኩረቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ካለ ኃይሉ ይበተናል፣ ቀጭን ላሜራ ደግሞ ይወላገዳል። ስለዚህ ለሳጥኑ ረጅም ጠርዞች ሌዘሩን አልመክርህም። ለማጠፊያው መያዣ፣ ለመቆለፊያው ማረፊያ፣ ጭነት ለሚሸከሙ ትናንሽ ቁርጥራጮች ግን ከልቤ እመክረዋለሁ። እዚያ ላይ ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ጥቅሙም ይታያል።

ለረጅሙ ጠርዝ የሚሻለው ይሄ ነው። አጽዳ፣ በ120 ወይም በ180 ቁጥር አዲስ ብርጭቆ ወረቀት ፈትግ፣ እንደገና አጽዳ፣ ከዚያ የማጣበቂያው አምራች ለአሉሚኒየም የሚያዘውን ፕራይመር፣ ማለትም ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባውን ስስ ሽፋን ቀባ። ኤፖክሲ ሲሌን የሚባለውን ማግኘት ከቻልክ 1 በመቶ አድርገህ በተጣራ ውሃ በጥብጠው፣ አንድ ሰዓት ያህል አማስለው፣ ገጹን ለሩብ ሰዓት እርጥብ አድርገህ ያዘው፣ ከዚያ በሙቀት አድርቀው። ሲሌን አንዱ ወገኑ ከኦክሳይዱ፣ ሌላው ከኤፖክሲው ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል፤ ውሃ እንዳይገፋው የሚያደርገውም እሱ ነው። አውሮፕላን ሲጠገን የሚሠራበት ዘዴ ነው። ሌዘርና ሲሌን አብረው ሲሆኑ ደግሞ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅህ አላልፍም። ለምን ኤፖክሲ መረጥክ? አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ለውጥ በሜትር 23 ማይክሮን ይለጠጣል፣ ብረት 12። ሳጥንህ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ተነስቶ፣ ጣርማበርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲገባ፣ ፀሐይም ሲመታው 30 ዲግሪ ልዩነት በቀላሉ ያያል። በ2 ሜትር ላሜራ ላይ ሁለቱ ብረቶች የሚለያዩት 0.66 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፖክሲህ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ግትር ነገር ነው፤ ይህንን መሳብ አይችልም፤ ጫናው ሁሉ ጫፍ ላይ ይከማቻል። «ከዳር ጀምሮ ይላቀቃል» ያልከው ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። የመኪና መስታወት የሚለጠፍበት ዓይነት ፖሊዩሪታን፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተደርጎ፣ ይህንን እንቅስቃሴ ይሸከማል። ጥንካሬው በቁጥር ከኤፖክሲ በጣም ያንሳል፣ ግን 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ረጅም ጠርዝ ላይ ያ ጥንካሬ ከበቂ በላይ ነው። ለረጅሙ ጠርዝ ፖሊዩሪታን ከነፕራይመሩ፣ ለትንንሾቹ መያዣዎች ሌዘርና ኤፖክሲ። እኔ ብሆን እንደዚህ ነው የምሠራው።

ኤፖክሲ በምትጠቀምበት ቦታ ሁሉ ማጣበቂያው ተጨምቆ እንዳያልቅ 0.25 ሚሊ ሜትር የዓሣ ማጥመጃ ክር ቁራጭ መሃል አስቀምጥ፣ ውፍረቱን ይጠብቅልሃል። አሉሚኒየሙ ብረቱን በቀጥታ አይንካው፤ ውሃ ካገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። ጫፍ ጫፉ ላይ አንድ አንድ የአሉሚኒየም ሪቬት ምታ። ማጣበቂያ ሲጎትቱት ጠንካራ ነው፣ ከዳር ሲልጡት ግን ደካማ ነው፤ ሪቬቱ ልጡ እንዳይጀመር ይይዝልሃል።

ስለ ፍሬሙ ደግሞ፦ ጥቁሩ አርኤችኤስ (ባለአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ከሆነ ዘይትና ጥቁር ቅርፊት አለው፣ እስኪነጣ በግራይንደር ፍቀው፣ አጽዳው። ዚንክ የተቀባ ከሆነ ሌዘር አታሳየው። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል፣ ሽፋኑ ይሄዳል፣ ብረቱ ለዝገት ይጋለጣል፣ ጢሱም ብየዳ ላይ የምታውቀውን ዓይነት ትኩሳት ያመጣል።

ሁሉንም ነገር ሳጥን ላይ ከመሞከርህ በፊት በቁራጭ ፈትነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 25 ስፋት፣ 150 ርዝመት ያላቸው የአሉሚኒየም ቁራጮች ቁረጥ። ጥንድ ጥንድ አድርገህ ለጥፋቸው፦ አንዱን በድሮው መንገድህ፣ አንዱን ተጠርጎ፣ ተፈትጎ፣ ተጠርጎ፣ አንዱን በሌዘር። ከአንዱ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽብልቅ ለማስገባት ትንሽ ቦታ ሳይለጠፍ ይቅር። በደንብ ከደረቁ በኋላ ሽብልቁን መትተህ አስገባ፣ ስንጥቁ የደረሰበትን ጎኑ ላይ በስለት ጫር። ከዚያ 50 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ አውጥተህ ስንጥቁ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ ለካ። ከዚያም እስከ ማግስቱ መልሰህ ክተተው። ይህ የአውሮፕላን ሰዎች የሽብልቅ ፈተና ነው፣ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. በተባለው የአሜሪካ መለኪያ አውጪ ድርጅት ዘንድ ዲ 3762 በሚል መለኪያ ይታወቅ ነበር። ጎትቶ መበጠስ ደረቅ ሲሆን ሁሉንም ጥሩ አስመስሎ ያሳይሃል። ሽብልቁ ግን ጭነትና ውሃን አንድ ላይ ስለሚያመጣ ክረምቱን ሳትጠብቅ እውነቱን ይነግርሃል። መጨረሻ ላይ ከፍተህ ገጹን እየው። ሁለቱም ወገን ላይ ማጣበቂያ ካለ ሥራው ሠርቷል።

ዓይንህን ጠብቅ። ይሄ ብርሃን አይታይም፣ አሉሚኒየም ደግሞ እንደ መስታወት ይመልሰዋል፣ ዓይን ላይ ያደረሰው ጉዳት አይመለስም። ለ1,064 ናኖ ሜትር ተብሎ የተሠራ መነጽር ግዛ። የፀሐይ መነጽርም የብየዳ መስታወትም በዚህ አይተካም። አጠገብህ የሚቆመው ረዳትህም ያድርግ፣ ደንበኛም እንዳይገባ። ጢሱን በማራገቢያ ወደ ውጭ ሳበው፣ ሳንባ የሚገባ ረቂቅ ብናኝ ነው። የአሉሚኒየም ብናኝ ከብረት ግራይንደር ብናኝ ጋር አንድ ላይ አይጠራቀም፣ ብልጭታ ካገኘው በኃይል ይነድዳል። ላሜራው ላይ ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛም ልጠህ እንጂ በሌዘር አታቃጥለው።

የሽብልቁን ፈተና ስትጨርስ የሦስቱንም ጥንድ ሁለቱንም ገጽ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከፎቶው ጋር የማጣበቂያውን ዓይነት፣ የደረቀበትን የብረት ሙቀትና ስንጥቁ የሄደበትን ሚሊ ሜትር ጻፍልኝ። ፍሬሙ ጥቁር ይሁን ዚንክ የተቀባም ንገረኝ። ከዚያ የሌዘሩን ቁጥሮች ለማሽንህ አብረን እናስተካክላለን።